ከፎቶው ጀርባ ያለው ማህተም

ረጅም ነው። ቡናው እስኪፈላ አንብቡት፤ ጊዜ ከሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ቅዳሜ ተመለሱበት። የቀድሞ ተማሪዎቼ በተለይ እስከ መጨረሻው እንድታነቡት እፈልጋለሁ፤ ከታች የቤት ሥራ አለ። (ቲቸር ዛሬም አልለቀቀንም እንደምትሉ አውቃለሁ።)

ነገሩ የጀመረው አይሲቲ ክፍል ውስጥ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል የማስተምራት አንዲት ልጅ አለች። ስሟን አልጠራም፣ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። ይህቺ ልጅ ጠዋት ጠዋት ሯጮቹ ልምምድ ሲሠሩ በወንድሟ ስልክ ፎቶ ታነሳለች። በቆጂን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነን፤ በዚያ ሰዓት ብርዱ ጣት ይቆርጣል፣ ጉሙ ከባሕር ዛፉ መሀል ገና አልተነሣም፣ ልጆቹ ትንፋሻቸው እየጨሰ ይሮጣሉ። ይህን የሚያነሳ ሰው ሞልቷል። ከአዲስ አበባም ከውጭም ትልልቅ ካሜራ ይዘው ይመጣሉ። የእሷ ግን ይለያል። አንዷን ፎቶ እስካሁን አልረሳኋትም። ልምምዷን ጨርሳ መሬት ላይ ተቀምጣ ጫማዋን የምታወልቅ ልጅ ናት። የካልሲዋ ተረከዝ ተቀዷል። ፊቷ ላይ ግን እዘኑልኝ የሚል ነገር የለም፤ እንዲያውም የሆነ ነገር እያሰላች ያለች ትመስላለች።

አንድ ቀን ሁሉም ከወጣ በኋላ ቀረችና፣ «ቲቸር፣ ኢትዮጵያዊት ሴት ፎቶግራፈር አለች?» አለችኝ።

«ሞልተዋል!» አልኩ በሙሉ ልብ።

«ማን?»

ዝም አልኩ። እውነቴን ነው፣ አንድም ስም አልመጣልኝም። ደራርቱን፣ ፋጡማን፣ ጥሩነሽን ጠይቁኝ፣ የሮጡበትን ከተማና ዓመት እየጠራሁ እቆጥርላችኋለሁ። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ስታሸንፍ፣ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ጋር ሜዳውን ሲዞሩ የተነሳው ምስል ሁላችንም ዓይን ውስጥ አለ። ካሜራውን ማን ይዞ እንደነበር ግን ጠይቄ አላውቅም። እናንተስ?

ልጅቷ ለምን እንደጠየቀች በኋላ ነገረችኝ። ትምህርቷን ስትጨርስ ፎቶግራፍ መማር እንደምትፈልግ ለአባቷ ነግራቸዋለች። አባቷ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ገብስ አምርተው ልጆቻቸውን ሁሉ ያስተማሩ ሰው ናቸው። «ይሄ የሴት ሥራ አይደለም» አሏት። እሷ ስትከራከር፣ «እሺ፣ አንድ ጥሪልኝ» አሏት። እሷም እንደኔ ዝም አለች።

ያን ቀን ማታ ኔትወርክ ሲሻሻል ተቀምጬ ፈለግኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው።)

መጀመሪያ ያገኘኋት አይዳ ሙሉነህን ነው። በ1974 እዚሁ ኢትዮጵያ ተወልዳ በልጅነቷ ከአገር ወጣች፤ በየመን፣ በእንግሊዝ፣ በቆጵሮስ አልፋ ካናዳ አደገች። በ2000 አሜሪካ ከሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች፤ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ፎቶ አነሳች። በ2007 ማሊ ባማኮ በሚካሄደው የአፍሪካ ፎቶግራፍ መድረክ ላይ የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት ወሰደች። ወደ አገሯ ተመልሳ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል አዲስ አበባ ላይ መሠረተች። በአፋር ዳሎል ላይ ሴቶችና ውሃን የሚመለከት ተከታታይ ሥራ ሠርታለች፤ ያዘዛት ዋተር ኤድ ነው። በ2019 ደግሞ የኖቤል የሰላም ሽልማትን ኤግዚቢሽን በጋራ በማዘጋጀት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ልብ በሉ፣ ያ ዓመት ሽልማቱ ወደ አገራችን የመጣበት ዓመት ነው። ሽልማቱን ያልሰማ በቆጂ ውስጥ የለም። እሷን ግን እኔ መምህሩ አልሰማሁም ነበር።

እሷ ብቻ አይደለችም። ማህደር ኃይለሥላሴ አዲስ አበባ ላይ የፎቶግራፍ ማዕከል የመሠረተች ፎቶግራፈር ናት። ኢየሩሳሌም ጅሬኛ የሐረርን ሴቶች ከነቀለማቸው ያነሳችበት «የቅዱሳን ከተማ» የሚል ሥራ አላት። ማርታ ታደሰ የሰዎችን ኑሮ እየተከተለች በዶክመንተሪ ፎቶግራፍ ትሠራለች።

በማግስቱ ለልጅቷ አሳየኋት። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ከዚያ ግን፣ «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። ለአባቴ ምን ላሳያቸው?» አለች።

ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። አባቷ ግን ፊደል የቆጠሩት በድሮው ጊዜ ስለሆነ ሲያነቡ የሚቀናቸው አማርኛ ነው። እኔ ደግሞ አንብበው «እህ» የሚሉበት የረባ ነገር በአማርኛ አላገኘሁም። እዚህ ላይ ነው የነገሩ ስፋት የገባኝ። እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ አለው። የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው። የኦሮምኛው ከዚያም በጣም ያንሳል። ያ ትልቁ የእንግሊዝኛው ራሱ ደግሞ ጎደሎ ነው፤ በውስጡ ካሉት የሰዎች የሕይወት ታሪኮች የሴቶቹ ከ100 ውስጥ 20 ገደማ ብቻ ናቸው። በ2015 ዊሜን ኢን ሬድ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ሲነሣ 15 ገደማ ነበር። ስማቸው የመጣው ከቀዩ ሊንክ ነው፤ ዊኪፔዲያ ላይ ጽሑፍ ያለው ስም ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፣ ጽሑፍ የሌለው ቀይ። እነሱ ቀዩን ወደ ሰማያዊ ይቀይራሉ።

ይህን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሳወራ አንድ ጓደኛዬ፣ «ጎበዝ ከሆኑ እኮ ይጻፍላቸዋል፤ ለሴት ብሎ ነገር ምንድነው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የማስበው። መልሴ ዶና ስትሪክላንድ ናት። ካናዳዊት የፊዚክስ ሊቅ ናት፤ ሥራዋ በጨረር ላይ ነው። በ2018 መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ስለ እሷ ዊኪፔዲያ ላይ ረቂቅ አቀረበ፤ ግንቦት ላይ «በቂ ምንጭ የለም» ተብሎ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጥቅምት መባቻ ላይ የፊዚክስ ኖቤል አሸነፈች! ስሟ በተጠራበት ሰዓት በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ ገጽ አልነበራትም። ከእሷ ጋር በአንድ ሥራ የተሸለሙት ወንድ ባልደረባዋ ግን ከብዙ ዓመት በፊት ገጽ ነበራቸው። እንግዲህ ለኖቤል የሚበቃ ጉብዝና ካላስጻፈ የቱ ጉብዝና ያስጽፋል?

ስለዚህ ቁጭ ብዬ ስለ አይዳ በአማርኛ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ረቂቄ «የአገራችን ኩራት፣ ድንቅና ዝነኛ ባለሙያ» እያለ ይጀምር ነበር። አሁን አዳማ የሚማር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የዊኪፔዲያን ሥራ ስለሚያውቅ በቴሌግራም ላክሁለት። ቅጽሎቹን በሙሉ ሰርዞ መለሰልኝ። «ቲቸር፣ ድንቅ ናት ብለው አይንገሩን። ምን እንደሠራች፣ የትና መቼ እንደሆነ ይንገሩን። ድንቅ መሆኗን አንባቢው ራሱ ይላል» አለኝ። ያስተማርኩት ልጅ አስተማረኝ። የተረፈው አንድ ገጽ ተኩል ነው። ደረቅ ነው፣ ግን ከበፊቱ ይልቅ የሚያሳምነው እሱ ነበር።

አትሜ ለልጅቷ ሰጠኋት። አባቷ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት አለች። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ሳቁ። አይዳ በ2016 ለሠራችው ተከታታይ ፎቶ ርዕስ ያደረገችው «ዓለም ዘጠኝ ነው» የሚለውን አባባል ነው፤ አያቷ የሚሉት ነበር። ሙሉ አይደለም፣ አሥር አይሞላም ለማለት። አባትየው፣ «ይሄንማ እናቴም ትለው ነበር» አሉ። ወረቀቱን አጥፈው ግን እንዲህ አሉ፦ «ጎበዝ ናት። ግን ያደገችው ውጭ አገር ነው። ካሜራ እጇ ላይ ያስቀመጠላት አለ። እዚህ ከእኛ መሀል አንድ ጥሪልኝ።»

በመጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ሳስበው ግን ሰውዬው ልክ ናቸው። እሳቸው የሚጠይቁት ፎቶ የምታነሳ ሴት ዓለም ላይ አለች ወይ ብለው አይደለም። በዚህ ብርድ፣ በዚህ ገበያ፣ በዚህ ጎረቤት መሀል ልጄ በዚህ ሥራ እንጀራ ትበላለች ወይ ነው ጥያቄያቸው። አባት የሆነ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ከሁለት ቀን በኋላ ልጅቷ በስልኳ አንድ ምስል ላከችልኝ። የአባትና እናቷ የሠርግ ፎቶ ነው፤ ከአልበም አውጥታ ፊቱንም ጀርባውንም አንስታዋለች። ጀርባው ላይ ሰማያዊ ክብ ማህተም አለ። የከተማችን ፎቶ ቤት ማህተም ነው፤ መሀሉ ላይ የባለቤቱ ስም። ማህተሙን አውቀዋለሁ። የእኔም የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ጉርድ ፎቶ ጀርባ ላይ አለ።

በቆጂ ያደጋችሁ የኔ ዕድሜ ሰዎች ያንን ቤት ታስታውሱታላችሁ። በር ላይ መስታወትና ማበጠሪያ ነበር፤ ከሚስማር ላይ ለሁሉም ደንበኛ የሚያገለግል አንድ ኮትና አንድ ክራቫት፤ ከኋላ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ፤ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ። ሰውየው ከፊት ተቀምጠው ሒሳብ ይቀበላሉ፣ ደረሰኝ ይጽፋሉ። ከመጋረጃው ወዲያ ማን ነበር? እስቲ አስታውሱ። እኔ ያን ቀን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አስታወስኩ። የሸሚዜን ኮሌታ ያስተካከለው እጅ የሴት እጅ ነበር። «አገጭህን ዝቅ፣ ትከሻህን ቀና፣ አትፍራ፣ አይበላህም» ያለችኝ ድምፅ የሴት ነበረች።

በማግስቱ ሄድኩ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ፎቶ ቤቱም ዛሬ የሞባይል ካርድና ቻርጀር መሸጫ ሆኗል። እሳቸው እዚያው ከኋላ ባለው ቤት ይኖራሉ። ቡና አፈሉልኝ።

«እትዬ፣ ይህን ሠርግ ያነሳው ማነው?» አልኳቸው ምስሉን በስልክ እያሳየሁ።

ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «እኔ ነኛ! ሙሽራይቱ አልስቅ ብላ መከራ አሳይታኛለች።»

«ባለቤትዎስ?»

«እሱ ነፍሱን ይማረውና ጎበዝ ነበር፤ ሥራውን ያስተማረኝም እሱ ነው። አንድ ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ ታመመ። የሚኒስትሪ ፈተና ደርሶ ተማሪው ጉርድ ፎቶ ብሎ በር ላይ ተሰልፏል። እሱ አልጋ ላይ ሆኖ ይነግረኛል፣ እኔ አነሳለሁ። ፊልሙን ማጠብ፣ ማተም፣ ሁሉንም ለመድኩት። ከዳነ በኋላ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ካሜራው እኔ ጋ ቀረ። ሒሳቡን እሱ ያዘ። ሴቶቹም ደስ ይላቸው ነበር፤ ነጠላቸውን ሳስተካክል አያፍሩም።»

«ታዲያ ማህተሙ ላይ ለምን ስምዎ የለም?»

ሳቁ። «ማህተሙ ሲቀረጽ ማን ጠየቀኝ?»

ለባላቸው ቅሬታ አልነበራቸውም፤ እንደ ቀልድ ነው የተናገሩት። እኔን ግን ያ ቀልድ እስካሁን አልለቀቀኝም። ምክንያቱም ልሰናበት ስነሣ ሙሉ ስማቸውን እንደማላውቅ ገባኝ። ከሃያ ዓመት በላይ «የፎቶ ቤቱ ሚስት» ነው የምንላቸው። ደብተሬን አውጥቼ ጠየቅኋቸው። የእሳቸውን፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን ስም ቀስ እያሉ ነገሩኝ፤ በትክክል መጻፌን በጣታቸው እየተከተሉ አዩ።

ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር አሳዩኝ። ሦስት የኒዶ ጣሳ። ውስጣቸው ኔጋቲቭ ነው። የከተማችን ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ መታወቂያ፣ የሞቱ ሰዎች፣ ከአገር የወጡ ሰዎች፣ ምናልባት ገና ሳይታወቁ ለሩጫ ውድድር ጉርድ ፎቶ ሊነሱ የገቡ ልጆች። የአንደኛው ጣሳ እርጥበት ገብቶት ፊልሞቹ ተጣብቀዋል። ለማላቀቅ ሲሞክሩ ምስሉ አብሮ ይላጣል።

እየበረርኩ ቤት ገባሁና ጻፍኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልነበረም። ጠዋት ለአዳማው ልጅ ላክሁለት።

«ቲቸር፣ በጣም ደስ ይላል። ምንጩ ማነው?» አለኝ።

«እንዴት ምንጩ ማነው? እሳቸው ራሳቸው ነገሩኝ! እኔንም አንስተውኛል!»

«እንደሱማ አይሆንም። እርስዎ ምንጭ አይደሉም።»

ስልኩን ልወረውር ምንም አልቀረኝ። ግን እኮ ይህን ሕግ ክፍል ውስጥ የማስተምረው እኔ ነኝ። «ምንጭ ያልጠቀሰ አምስት ማርክ ይቀነስበታል» እያልኩ ስንቱን አስለቅሻለሁ። ዊኪፔዲያ ላይ አንድ ሰው ገጽ እንዲኖረው ከራሱና ከዘመዱ ውጪ የሆኑ፣ የሚታመኑ ጽሑፎች ስለ እሱ በስፋት ጽፈው መገኘት አለባቸው። ጋዜጣ፣ መጽሐፍ፣ የኤግዚቢሽን ካታሎግ፣ የጥናት ወረቀት። ራስህ ሄደህ ያገኘኸውን አዲስ ነገር መጀመሪያ እዚያ ማስፈር አይቻልም። ሕጉ ባይኖር የጎረቤቴ አህያ ሳይቀር የሕይወት ታሪክ ይኖራት ነበር፤ የሰው ስምም እንደልብ ይጠፋ ነበር። ሕጉ ልክ ነው።

ልክ የሆነ ሕግ ግን ልክ ያልሆነ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። ሯጭ ስታሸንፍ ሰዓቷ ይመዘገባል፤ ወንድ ይሁን ሴት ሰዓቱ አያዳላም፤ ውጤቱ በማግስቱ ጋዜጣ ላይ አለ። ለዚህ ነው የበቆጂ ሴቶች በየትኛውም ኢንሳይክሎፔዲያ ውስጥ የሚገኙት። ፎቶ አንሺ ሰዓት የላትም። ስሟን ሰው ካልጻፈው ሥራዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እሷ የለችም። ኢንሳይክሎፔዲያው የመንገዱ መጨረሻ ነው። የሴቶቹ ስም የሚወድቀው ግን መጀመሪያው ላይ ነው፤ ማህተሙ ሲቀረጽ፣ ፈቃዱ ሲወጣ፣ ጋዜጠኛው መጥቶ «ባለቤቱ የታለ?» ሲል።

በእኛ አገር ብቻም አይደለም። በ1930ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ጌርዳ ታሮ የምትባል ወጣት ከፍቅረኛዋ ጋር ሆና «ሮበርት ካፓ» የሚል ስም ፈጠሩ፤ ሁለቱም ያነሱትን በዚያ ስም ይሸጡ ነበር። በ1937 በስፔን ጦርነት ላይ ፎቶ ስታነሳ ሞተች፤ 27 ዓመት አልሞላትም ነበር። ስሙ ለእሱ ቀረ፣ እሱም በዓለም ታወቀ። የትኛው ፎቶ የእሷ እንደነበር ለመለየት ተመራማሪዎች ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ኔጋቲቭ ሲመረምሩ ኖረዋል።

ተስፋ የሚሰጠኝ ግን የጋናዋ ፌሊሺያ አባን ታሪክ ነው። እሷም እንደ እኛ እትዬ ፎቶ ቤት ነበራት። ሙያውን ከአባቷ ተምራ በ1950ዎቹ አክራ ውስጥ የራሷን ስቱዲዮ ከፈተች፤ ሰው ታነሳለች፣ ግብዣ ከመሄዷ በፊት ደግሞ አምራ ለብሳ ራሷን ታነሳለች። ለረጅም ጊዜ ከአገሯ ውጪ የሚያውቃት አልነበረም። ከዚያ የገዛ አገሯ ሰዎች ሥራዋን ፈልገው አወጡት፤ በ2019 ጋና በቬኒስ ቢዬናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ የእሷ ፎቶዎች እዚያ ታዩ። ጋዜጦች ጻፉ። ከዚያ በኋላ «ምንጩ ማነው?» የሚል ጥያቄ መልስ አለው። ልብ በሉ፣ ሥራው የተሠራው ከ60 ዓመት በፊት ነው። የጎደለው ያገር ሰው ሄዶ ማየቱና መጻፉ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ወደ ቤት ሥራው።

1. የድሮ ፎቶ ካላችሁ ዛሬ ማታ ጀርባውን ገልብጡ። ማህተሙ ላይ ያለውን ስም አንብቡ። ከዚያ እናታችሁን ጠይቁ፤ «ካሜራውን የያዘው ማን ነበር?» ብላችሁ። መልሱን ከነዓመቱና ከነቦታው ጻፉት። ኮመንት ላይ ብታስቀምጡልኝ ደስ ይለኛል፤ ስለ ሰው ስም ግን መጀመሪያ ሰውዬውን አስፈቅዱ።

2. ፎቶ ስትለጥፉ ያነሳውን ሰው ስም ከሥሩ ጻፉ። «ከፌስቡክ የተገኘ» የሚባል ሰው የለም።

3. ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ የመመረቂያ ርዕስ ጠፋ ብላችሁ አትጨነቁ። የአሰላ፣ የበቆጂ፣ የሁሩታ፣ የየከተማችሁ ፎቶ ቤቶች ታሪክ ማንም አልነካውም ማለት ይቻላል። ሬዲዮ ላይ የምትሠሩም እንደዚሁ። እናንተ ስትጽፉ ነው ምንጭ የሚኖረው።

4. ዊኪፔዲያ ላይ ለመጻፍ ፈቃድ አያስፈልግም፤ አካውንት መክፈት በቂ ነው። በትንሹ ጀምሩ፤ የተሳሳተ ዓመት አስተካክሉ፣ አንድ ምንጭ ጨምሩ። ስለ ዘመዳችሁ አትጻፉ። አታወድሱ። ከሌላ ቦታ አትገልብጡ፤ የማሽን ትርጉም ሳታርሙ አትለጥፉ። የፎቶግራፈሮችን ሥራ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ እዚያ አትጫኑ፤ እንጀራቸው ነው፣ የሚሰጡት ራሳቸው ናቸው። ኦሮምኛ የምትችሉ ደግሞ በኦሮምኛ ጻፉ፤ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

እኔ በበኩሌ የጀመርኩት ይህ ነው። ስለ አይዳ የጻፍኩት ረቂቅ አለ፤ እርማት የምትችሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ልላክላችሁ፣ ከዚያ ይወጣል። የእትዬን ታሪክ ደግሞ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት ጽፌዋለሁ። የትምህርት ቤት መጽሔት ለዊኪፔዲያ ትልቅ ምንጭ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ከዜሮ ይሻላል፣ የሚያነበው ጋዜጠኛ ሊኖር ይችላል። ስማቸውን እዚህ ያልጻፍኩት «መጀመሪያ ልጆቼን ላማክር» ስላሉኝ ነው። የኒዶ ጣሳዎቹ ነገር ግን ጊዜ አይሰጥም። ኔጋቲቭ ስካን ማድረጊያ ያላችሁ፣ ወይም የተጣበቀ ፊልም እንዴት እንደሚላቀቅ የምታውቁ፣ እባካችሁ ደውሉልኝ። ይሄኛው ልመና ነው።

የልጅቷስ? ባለፈው እሑድ የእትዬን ነገር ለአባቷ ነገረቻቸው። «ሠርጋችሁን ያነሱት እኮ ሴት ናቸው» አለቻቸው። ብዙ ዝም አሉ አለችኝ። ፎቶውን ተቀብለው አዩት፣ ገልብጠው ማህተሙን አዩ፣ እንደገና ፊቱን አዩ። «እውነት ነው፣ እሷ ነበረች» አሉ። «እናትሽን እንድትስቅ የለመነቻት እሷ ነበረች።» እሺም አላሉም፣ እምቢም አላሉም። ቅዳሜ ግን ወደ ገበያ ሲወጡ መንገዳቸውን አሳብረው እትዬን ሰላም ሊሉ ሄደዋል።

ዓለም ዘጠኝ ነው፣ አሥር አይሞላም። እሺ። ግን የጎደለው አንዱ የማን ስም እንደሆነ ማወቅ እንችላለን።

ለዚህ ጽሑፍ የምትሆን ፎቶ ነበረችኝ፤ ያቺ ጫማዋን የምታወልቀው ሯጭ። አልለጠፍኳትም። የምለጥፋት አባቷ ፈቅደውልኝ ያነሳችውን ልጅ ሙሉ ስም ከሥሯ መጻፍ የቻልኩ ቀን ነው።

መልካም ምሽት።